የቃፊር ሰባት መካኒክ

ዊዳድ በወለደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን የጠፈር መርከብ ላይ ተቀጠረች።

ሥራዋ ጠራጊነት ነበር። «ቃፊር ሰባት» በሚባለው የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አዲስ የገባ ጸሐፊ ሁሉ ከመጥረጊያ ይጀምራል። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች ስለ አንዲት የጠፈር መርከብ አንድ ረጅም ታሪክ በጋራ ይጽፋሉ፤ እያንዳንዱ በታሪኩ ውስጥ የራሱ ሰው አለው። ካፒቴኑ ኢርፋን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የላከላት ደንብ አጭር ነበር፦ «ሦስት ትዕይንት ከጻፍሽ ማዕረግ ታገኛለሽ። የሌላ ሰው ገጸ ባሕርይ መጻፍ ክልክል ነው።»

ዊዳድ ለጠፈር ደንታ የላትም። የገባችው ወንድሟን ፍለጋ ነው። ኑሕ የመርከቧ ዋና መካኒክ ነው፤ ግሩፑንም ከመሠረቱት አንዱ ነው። እንጀራው ግን የስልክ ማማ መትከል ነው። እሷ ልትወልድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ሥራ ተገኘለትና ወደ ምሥራቅ፣ በረሃ ወረደ። ሳልወልድ አትሂድ ብላ ለምናው ነበር። ሳቀባት። ደሟ ፈላና ኮልፌ በሚገኘው የወላጆቻቸው ቤት በር ላይ ቆማ «ከሄድክ ልጄን አታያትም!» አለችው። ከዚያ ወዲህ ስልኳን አላነሳም።

«ኔትወርክ የለም እኮ» ይሏታል እናቷ ወይዘሮ ዘይነባ፣ አጥሚቱን እያማሰሉ።

ማማ ተካዩ ኔትወርክ አጣ! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ተቀይሟታል። እናቷም ያውቃሉ፤ አራስ ናት፣ አይክፋት ብለው ይሸፋፍኑላታል። ዊዳድ ያሰበችው ይህንን ነው።

ግሩፑ ውስጥ ከመግባቷ በፊት «ስልክ ካላነሳህ መርከብህ ድረስ እመጣልሃለሁ» ብላ ላከችለት። መልእክቱ መነበቡን አየች። መልስ ግን የለም።

በማግስቱ ዋና መካኒኩ ብቅ አለ።

«ኧረ መካኒኩ! የት ጠፍተህ ነው?» ብሎ ጻፈ ኢርፋን።

መካኒኩ ለሰላምታው አልመለሰም። በቀጥታ ሞተር ክፍል ገባ። «የሞተሩ ቺንጋ ላልቷል። ካንዴላውም ይታይ። አዲሷ ሠራተኛ ከባድ ዕቃ እንዳታነሳ።»

ግሩፑ በሳቅ ምልክት ተጥለቀለቀ። በከዋክብት መሀል የምትበር መርከብ እንደ መኪና በካንዴላ! ዊዳድ አልሳቀችም። ኑሕ ያደገው አየር ጤና ሰፈር ባለው የአባታቸው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የአባቱን አነጋገር እየቀዳ ቤቱን ሲያስቅ የኖረ ልጅ ነው። አሁን በሷ እያላገጠ መሰላት።

ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ። ታጠባለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ትጽፋለች። ልጇ ስታለቅስ ድምፁ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስላታል። ደስታም ኀዘንም አይሰማትም፤ አለመሰማቱም አያስጨንቃትም። ቴሌቪዥኑ ተበላሽቷል ተብሏል። ሊጠይቋት የሚመጡ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፣ ሕፃኗን ይስማሉ፣ ቶሎ ይወጣሉ። ባሏ ኢብራር ሳንሱሲ ካለው ቤታቸው እየተመላለሰ ያያታል፤ ወሬው ሁሉ ስለ ትራንስፖርት ነው። አባቷ ጋሽ ዩሱፍ በወለደች ሰሞን ዕቃ ላምጣ ብለው ከከተማ ወጥተው ሦስት ቀን ቆይተው ነበር፤ ከተመለሱ ወዲህ ጋራዡን በቀትር እየዘጉ ይገባሉ።

«ደከመኝ ልጄ» ይሏታል ከደጃፉ ላይ። ወደ ውስጥ አይዘልቁም።

መካኒኩም ዘወትር ከቀትር በኋላ ይመጣል። የአስር ሰላት ሰዓት ሲደርስ ይጠፋል፣ ከሰላት በኋላ ይመለሳል። ኑሕን ለሰላት መቀስቀስ ስንት ጭቅጭቅ እንደነበረው ዊዳድ ታውቃለች። በረሃው ሰው አደረገው አለች በሆዷ።

አንድ ቀን ዊዳድ ጠራጊዋን መጥረጊያዋን አስጣለችና ሞተር ክፍል አስገባቻት። «ተቀይመኸኛል?» አስባለቻት።

«የፍሪሲዮኑን ፔዳል ያዢልኝ» አለ መካኒኩ።

ሦስተኛውን ትዕይንት ስትጨርስ ኢርፋን ረዳት መካኒክ አድርጎ ሾማት። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አብረው ሠሩ። መካኒኩ መፍቻ ያቀብላታል፣ «በልተሻል?» ይላታል፣ «ልጅቷ ተኛች?» ይላታል። በመርከቧ ላይ ልጅ የለም። ይህን ያህል ካሰበላት ስለምን አይደውልም? ቂም ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል! ኑሕ ከልጅነቱም ቂመኛ ነበር።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን እናቷ ገላዋን አጠቧት። «ነገ አርባሽ ነው። ትወጫለሽ» አሉ። ድምፃቸው ሻክሯል። ጉንፋን ነው አሉ።

በማግስቱ ማለዳ ግቢው ውስጥ ብረት ከብረት ሲጋጭ ሰምታ ነቃች። በመስኮቱ አጮልቃ አየች፤ የሰፈሩ ወንዶች ድንኳን እየተከሉ ነው። ለአርባ ቀን መውጫ ድንኳን! አባቷ አብዝተውታል።

ይህን ሁሉ ድግስ ኑሕ ሳይኖር ልትበላው መሆኑ ቆጫት። ስልኳን አነሳች። ረዳት መካኒኳን ትታ፣ መርከቧን ትታ፣ ለወንድሟ ለብቻው ጻፈች፦ «ኑሕ፣ በሩ ላይ ያልኩህን እንዳልሰማህ ቁጠረው። ክፉ አፌ ነው። ልጄን መጥተህ እያት። ዛሬ ከቤት ልወጣ ነው፤ ሳልወጣ አንድ ቃል በለኝ። ይቅር በለኝ።»

ወዲያው ተነበበ። ከስሙ በታች «እየጻፈ ነው» የሚለው ምልክት መጣ። አርባ ቀን ሙሉ ምንም ያልተሰማት ሴት ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ምልክቱ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል። ይህን ያህል የሚያስጽፍ ምን አለው?

መጠበቁ አላስቀምጥ አላት። ልጇን በአንድ እጇ ታቅፋ፣ ስልኩን በሌላው ይዛ፣ በሩን ከፈተች።

ሳሎኑ በሰው ተሞልቷል። ሽማግሌዎቹ፣ የመስጊዱ ኢማም፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ግድግዳውን ይዘው ተቀምጠዋል። ማንም ሻይ አልያዘም፤ ማንም «እንኳን ማርያም...» ወይ «መብሩክ» አላለም። ኢብራር ቆሟል። እናቷ መጥተው ሕፃኗን ከእቅፏ ተቀበሏት።

ጋሽ ዩሱፍ መሀላቸው ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ መርዶውን ሊነግሯት ብድግ ያሉትን ሽማግሌ በግራ እጃቸው «አንዴ ቆዩኝ» ብለው አስቁመው፣ በኑሕ ስልክ ላይ፣ በአንድ ጣታቸው፣ ፊደል በፊደል «ይቅር ብዬሻለሁ» ብለው ይጽፉ ነበር።