ሦስቱ ነጥብ

«ይሄንን አይደለም ያልኩሽ፤ የዘንድሮውን ነው» አለቻት የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ።

«እህቴ፣ እኛ ጋ ፋይል የሚቀመጠው በመደቡ ስም ነው» አለች ሠራተኛዋ። «የመምሪያ ኃላፊ ውድድር አልሽኝ፣ ሰጠሁሽ። ታገሺኝ፣ የዘንድሮውን ልፈልግልሽ።»

ፋይሉን የጠየቀችው ሴት «ነጥቤ እንደገና ይታይልኝ» ብላ ቅሬታ ልታስገባ ነበር የመጣችው። ኃላፊነቱን ያጣችው በአንድ ነጥብ ተበልጣ ነው። ለሴት ተወዳዳሪ የሚታከለውን ሦስት ነጥብ ጠይቃ ቢሆን ኖሮ ወንበሩ የእሷ ነበር። ግን በጡረታ የሚሰናበቱት ኃላፊ፣ ወይዘሮ ስንዱ፣ ቢሯቸው ጠርተው «ልጄ፣ እኔ እዚህ የደረስኩት ያለ ምጽዋት ነው። በሴትነቷ አደገች አታሰኚ» ብለዋት፣ እዚያው ፊታቸው የውድድር ቅጿ ላይ ያለውን የነጥብ መጠየቂያ ሣጥን ሰርዛዋለች።

የዘንድሮው እስኪመጣላት የተሰጣትን ፋይል ገለጠች። ወይዘሮ ስንዱ የተሾሙበት የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ውድድር ነው። ቅጻቸው ግርጌ በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ «ለሴቶች የተፈቀደው ሦስት ነጥብ እንዲታከልልኝ እጠይቃለሁ» ይላል። ሦስቱ ታክሎላቸው ያሸነፉት በሁለት ነጥብ ነበር።

ፋይሉን ዘግታ የዘንድሮውን ሳትጠብቅ ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ፣ እሷ ራሷ ሥራ ያስለመደቻት ወጣቷ ቤዛዊት ቅጽ ይዛ ጠበቀቻት።

«እትዬ፣ ለቡድን መሪነቱ ልወዳደር ነው። ሦስቱን ነጥብ ልጠይቅ ወይስ ይቅርብኝ?»

«ምን በወጣሽ!» አለቻት፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረገች። «እኔስ መቼ ጠየቅሁ?»

ቤዛዊት ቅጹን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ሣጥኑን ሰረዘችው።