ለአክስቴ ጉልበት

አክስቴ ጉልበቷን ሲያማት እንዳስታምማት ከስድስተኛ ክፍል አስቀረችኝ። «ሲሻለኝ እመልስሻለሁ» ብላ ምላልኝ ነበር። እኔም ከሥጋ ሻጩ የበሬ ጉሮሮ እያመጣሁ፣ ልም አጥንቱን ፍቄ፣ አድርቄና ወቅጬ በማር አበላት ጀመር።

የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ «ውስጡ ያለው ኮንድሮይቲን ይባላል» አለኝ። «ድኝ ያለበት የስኳር ሰንሰለት ነው። በበሬም በሰውም አለ። የአንቺ ጆሮ ቀጥ ብሎ የቆመው በእሱ ነው፤ ምክር ባይገባውም!»

አክስቴ ዳነች። ደረጃውን እንደ ፍየል ትዘለው ጀመር፤ ጉሮሮውን ራሴ አመጣለሁ ብላ ዱቄቱንም ራሷ መውቀጥ ያዘች። ስለ ትምህርት ቤት ሳነሳባት ግን ጆሮ ዳባ ልበስ።

ዛሬ ሥጋ ሻጩ «ምነው ጠፋችሁ?» አለኝ። «አክስትሽ ጉሮሮ በቃን ካለችኝ ወር ሞላ እኮ!»

ቤት ስገባ ግን የመድኃኒቷ ብልቃጥ በዱቄት ጢም ብሏል። ፀጉሬን ልሠራ መስታወት ፊት ቆምኩ። ቀኝ ጆሮዬን ስነካው እንደ እርጥብ ጨርቅ ታጠፈ። ብለቀውም አልተመለሰም።

«አክስቴ! ጆሮዬን እይልኝ!»

ዘነዘናውን እንደያዘች መጣች። ጆሮዬን በፍቅር ቀና አድርጋ ለቀቀችው፤ ወደቀ።

«አይዞሽ፣ የኔ እናት» አለችኝ። «ዛሬ ማታ ደግሞ በቀኝ ጎንሽ ተኚልኝ።»