አሥራ አምስት ኬ.ቪ.

መሪጌታ ኃይለጊዮርጊስ ጋዜጣውን ከጋቢያቸው ውስጥ አውጥተው በላይነህ ጉልበት ላይ ዘረጉት። ጣታቸውንም ከታተመው ስሙ ሥር ካለው መስመር ላይ አሳረፉ። «በል እንግዲህ ልጄ፣ እኔ ያቃተኝን አንተው አንብበው» አሉት።

በለቅሶው ድንኳን ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። በላይነህ «የካ ላይ አንድ እንጨት ቆራጭ ሽቦ ገደለው» የሚል ወሬ ቢሮው ድረስ መጥቶለት ነው ዳገቱን የወጣው። ጥግ ይዞ ተቀምጦ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ። ማን ነህ ሲሉት ግን መዋሸት አልሆነለትም፤ ስሙንም ጋዜጠኛነቱንም ተናገረ። ስሙ እዚህ ሰፈር ቀድሞት እንደደረሰ ከየት ይወቅ? ለካስ መሪጌታ በየሰንበቱ ከቅዳሴ መልስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ጋዜጣ ያነባሉ፤ የበላይነህ የሥልጣኔ ዓምድ ሳይቀር።

አነበበ። «ወደ ኮተቤ የሚያልፈው የ15 ኬ.ቪ. ኤች.ቲ. መስመር ከጥቅምት አንድ ቀን ጀምሮ ሎድ ይቀበላል።»

በጻፋት ቀን እንዴት ያለች ዓረፍተ ነገር ነበረች! ከመሐንዲሶቹ አፍ እንደወረደች ያመጣት፣ አንዲት ቃል ያልባከነባት፣ አዋቂ አዋቂ የምትሸት። አሁን በገዛ ድምፁ ሲሰማት አፈር አፈር አለችው።

«እኔ እዚያ ስደርስ ዘለልኩት» አሉ መሪጌታ። «ፊደሉ የኛው ፊደል ነው፤ ነገሩ ግን አልገባኝም። ሰው ፊት አላወቅሁም ማለት አፈርኩና ‹የመንግሥት ጉዳይ ነው› ብዬ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ዲንሳ እግሬ ሥር ተቀምጦ ነበር።» የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱት።

ዲንሳ ትናንት ነው የተቀበረው። ሽቦው የባሕር ዛፉን ጫካ አቋርጦ ከተዘረጋ ዓመት አልፎታል፤ ዓመቱን ሙሉም ባዶውን ነው የኖረው። ቆራጮቹ የጣሉት ዛፍ ሽቦው ላይ ጋደም ካለባቸው ግንዱን አቅፈው፣ ወዝውዘው ያወርዱታል። ዛፉን እየተቀበለ ቀስ አድርጎ ስለሚያሳርፍላቸው እንዲያውም ሽቦውን ይመርቁት ነበር። ከትናንት በስቲያ ጧት ዲንሳ ሽቦው ላይ የተጋደመውን፣ ዝናብ ያራሰውን ባሕር ዛፍ እንደወትሮው ሄዶ አቀፈው።

በላይነህ አዘጋጁን ፀሐዬን አስታወሰ። «ይኼ ምን ማለት እንደሆነ አንድ ሁለት መስመር ጨምርበት፤ አንባቢው ሁሉ አንተ አይደለም» ብሎት ነበር። እሱ ደረቱን ነፍቶ፣ «ጋሼ ፀሐዬ፣ ይኼ እኮ የሚያውቁ ሰዎች ዓምድ ነው። ኤሌክትሪክ ማለት እያልኩ ከሀ ሁ ልጀምር? መሐንዲሶቹ ምን ይሉኛል?» አለ። መሐንዲሶቹ! ማንበባቸውን እንኳ አያውቅም። ምነው ያን ቀን ምላሱ በተቆረጠ!

የዲንሳ አባት አቶ ቀጀላ አሁን ቀና አሉ። «ታዲያ ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ የለም። ቁጣ ቢኖርበት ለበላይነህ በቀለለው።

«አባቴ፣ ነገሩ ትንሽ ረቀቅ ያለ ነው» አለ። ረቀቅ እንዲልለትም ከልቡ ተመኘ። ለማስረዳት ቀኑን የሚፈጅ፣ ተማሪ ቤት ያልዋለ ሰው የማይደርስበት፣ እሱ ጻፈው አልጻፈው ለቆራጭ ምንም የማይፈይድ ነገር ቢሆንለት ምን ነበረበት! «ኬ.ቪ. ማለት ኪሎ ቮልት ነው። ቮልት ደግሞ የኤሌክትሪክ ግፊት የሚለካበት ሆኖ፣ ይኸውም በሽቦው ውስጥ…»

«ልጄ» አሉ ቀጀላ፣ «ለዲንሳ እንደምትነግረው አድርገህ ንገረኝ።»

በላይነህ ጋዜጣውን አጠፈው።

«ሽቦው እስካሁን ባዶ ነበር» አለ። «ከጥቅምት አንድ ጀምሮ ኤሌክትሪክ ይገባበታል። ሽቦውን የነካ ሰው ይሞታል፤ ሽቦው ላይ ያረፈ እርጥብ ዛፍ የነካም ይሞታል። ይኸው ነው።»

አንድም ሰው መልሶ የጠየቀው የለም። መሪጌታ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። በስተኋላ ከተቀመጡት ቆራጮች አንዱ እጆቹን ገልብጦ መዳፎቹን አየና ጭኑ ሥር ደበቃቸው። በላይነህ መሬት ተከፍታ ብትውጠው አይጠላም ነበር። የተናገረው ነገር በጋዜጣው ላይ ስንት መስመር እንደሚወስድ ሳያስበው ገምቷል፤ ፀሐዬ ካለው አንድ ሁለት መስመር ብዙም አይበልጥም።

የዲንሳ እናት አማርኛ እምብዛም አይሰሙም። ከሴቶቹ መካከል ሆነው ለቅሷቸውን አቋርጠው፣ ባላቸውን በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቁ። ቀጀላ በኦሮምኛ መለሱላቸው፤ ከአማርኛውም አጠረ። እናትየዋ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ በላይነህን እያዩ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ተናገሩ።

ቀጀላ አልተረጎሙለትም። እሱም ባይጠይቅ ይሻለው ነበር።

«ምን አሉ?» አለ።

አባትየው ጥቂት አመነቱ። እንግዳን ማስቀየም የሚወዱ ሰው አይደሉም።

«ይኼማ ለዲንሳም አይከብደውም ነበር ነው የምትለው» አሉት።