ያልታጠነው ጋን

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ። እንደ ሁልጊዜው አየሩ ንጹሕ ነበር፤ የረር ተራራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የባለቤቴ የይርጋ ሙት ዓመት ስለደረሰ ጠላ ልጠምቅ ጋኑን በግራዋ አጥቤ ግቢው ውስጥ ደፋሁት።

ጎረቤቴ እትዬ ውዴ የወይራ ፍልጥ በነጠላቸው ሸሽገው ገቡ።

“ነይ፣ ቶሎ እናጥነው።”

“ፈቃድ የለኝም፣ እትዬ። ዘንድሮ የጢስ ፈቃድ ክፍያው ከድግሱ ወጪ በልጧል።”

“ለአንድ እፍኝ ጢስ?”

“ለአየር ጥበቃው ሥራ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ደግሞ ክብሪት ስንጭር ያውቃል።”

“በወረዳው ስብሰባ ላይ ክፍያው ይጨመር ብለሽ እጅሽን ያወጣሽው አንቺ አይደለሽ? የተማረ ይግደለኝ!” ብለው ሳቁ።

እኔም ፈገግ አልኩ። አዎ፣ አውጥቻለሁ። ይርጋ የሞተው ትንፋሽ አጥሮት ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ጋደም ማለት እንኳ አልቻለም። ዛሬም ቢጠይቁኝ አወጣለሁ። ይህን ለእትዬ ውዴ መንገር አላስፈለገኝም፤ አብረውኝ አስታመውታል።

“እሱ እኮ ያልታጠነ ጠላ አፉ አያስገባም ነበር” አሉ ቀስ ብለው።

“አውቃለሁ።”

ፍልጡን እንደሸሸጉ ተመለሱ። ጋኑን አቃናሁና ጥንስሱን ገለበጥኩበት።

በሙት ዓመቱ ቀን ዘመድና ጎረቤት ጠጥቶ ነፍስ ይማር አለ። ማንም አላሳለም። ጠላው ግን ወይራ ወይራ አይልም ነበር።