ሲብረን የተከለው ግቢ

ሲብረን የሚስቱን ክንድ ደግፎ ከደጃፉ ሲያወጣት ዓይኑን ከእግሯ አልነቀለም። ቀና ብሎ አበቦቹን ለማየት አልደፈረም።

ሚስቱ ሪንስኬ ልቧን ቀዶ ጥገና የተደረገላት በመከር ማብቂያ፣ ልክ በጸደይ የሚያብበው የቱሊፕ አበባ ሥር በሚቀበርበት ሰሞን ነበር። በዚህች በኔዘርላንድ፣ በፍሪስላንድ ባለች መንደር የእሷን ግቢ ለማየት ሰው ብስክሌቱን ያቆማል። ነጭ ከሰማያዊ፣ ፈዛዛ ሮዝ ከነጭ፤ ከእነዚህ ሌላ ቀለም አጥሯን አልፎ አያውቅም። ሆስፒታል ሳለች ሲብረን ራሱ ሊተክልላት ተነሣ። ምን ያደርጋል፣ መደርደሪያው ተገንድሶ ሥሮቹ ያሉባቸው ሣጥኖች ሁሉ ተደፉ፤ እሷ የመረጠቻቸውም፣ እህቷ ሰጥታት ንቃ የተወቻቸውም ተደባለቁ። ሁሉም ሽንኩርት ነው የሚመስሉት፤ ማን ይለያቸዋል? እንዳገኘ ቀበራቸውና የበረዶውን ወራት ሙሉ ትንፍሽ ሳይል ከረመ። እሷም ከቤት ሳትወጣ ስለከረመች፣ የመኝታ ቤታቸውም መስኮት ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ቦይ ስለሚያይ እስከ ዛሬ አላወቀችም።

«ሲብረን።»

«ወይ።»

«ይሄ የማን ግቢ ነው?»

«ያንቺ ነዋ።»

«የኔ ግቢ እንዲህ ገበያ መስሎ አያውቅም።»

«ሣጥኑ ተደፋብኝ» አለ ድምፁ ሰልሎ። «ዛሬውኑ ነቅዬ እጥለዋለሁ።»

«ዝም በል እስቲ።»

ክንዱን ለቀቀችና ቀስ ብላ ወደ ግድግዳው ሥር ሄደች። እዚያ ጥቁር እስኪመስል የጠቆረ ወይን ጠጅ ቱሊፕ ቆሟል። አጠገቡ ብርሃን የሚያሳልፍ ብርቱካንማ፤ ከሥራቸው እንደ ወይን ዘለላ የታጨቁ ጥቃቅን ሰማያዊ አበቦች።

«ብርቱካንማ ጯሂ ነው እያልኩ ስንት ዘመን ከደጅ መለስኩት» አለች። «ከጥቁሩ ጎን ሲቆም ግን እየው፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ጥቁሩም ብቻውን ቢሆን ሐዘንተኛ ይመስል ነበር።»

ሲብረን ያኔ ገና ቀና አለ። እምቡጦቹ ቀለም ማሳየት ከጀመሩ ወዲህ በየማለዳው ጥፋቱን ብቻ ነበር የሚያይባቸው። አሁን ነጩ የናርሲስ አበባ በቀዮቹ ቱሊፖች መሀል እንደ ጥርስ ሲስቅ፣ ቢጫው ቀስ እያለ ወደ ሮዙ ሲሸሽ አየ።

ጎረቤታቸው ፍራውኬ በአጥሩ ስታልፍ ብስክሌቷን ገታ አደረገች። «ሪንስኬ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። ግቢሽን ምን ነካው?»

«ምን ሆነ?»

«አብዷላ። ግን አምሮበት ነው ያበደው።»

«ባሌ ነው የተከለው» አለች ሪንስኬ፣ አገጯን ከፍ አድርጋ።

የሲብረን ጆሮ ቀላ።

ፍራውኬ ስትሄድ፣ «እንግባ፣ ይደክምሻል» አላት።

«ወንበር አምጣልኝ።»

ከማድ ቤት አንድ አምጥቶ ሣሩ ላይ አስቀመጠላት። ተቀመጠች። እሱ ከኋላዋ ቆመ።

«ሌላውስ?» አለች ዓይኗን ከአበቦቹ ሳትነቅል።

«ምነው፣ እንግዳ አለ እንዴ?»

«ታዲያ አንተ ቆመህ ልታየው ነው?»

ሁለተኛውን ወንበር ተሸክሞ ሲወጣ ፀሐይዋ ጣሪያውን አልፋ ነበር፤ ቱሊፖቹም አንድ በአንድ መከፈት ጀምረዋል።