የሚጮኸው ማሽን

"ጋሼ፣ ይሄ ቫኪዩም እኮ ሲሠራ ድምፁ አይሰማም፤ የሶፋና የመጋረጃ ብሩሽም አለው" አለ ሻጩ።

"የሚጮኸውን ስጠኝ" አለ ባሌ።

ሻጩ እኔን አየኝ። እኔም ግራ ገብቶኛል። በሕይወቱ መጥረጊያ ጨብጦ የማያውቅ ሰው፣ ሱቅ ውስጥ ያሉትን ሁሉ በየተራ አስነስቶ ጆሮ የሚበጥሰውን መረጠ። ብሩሾቹን ዞር ብሎ እንኳ አላያቸውም።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲገባ ማሽኑን እየጎተተ ቀጥታ ወደ ልጃችን ክፍል ነው። በሩን ከውስጥ ይቆልፋል። ልጃችን ካረፈች ጀምሮ ማንም የማይገባበት ክፍል ምን የሚጠረግ ነገር አለው? ደግሞ ስልኩን ይዞ ነው የሚገባው። ሲወጣም ወደ መታጠቢያ ቤት ይሮጣል።

ሌላ ሴት እንዳለች ገባኝ። ለቅሶ ላይ ሽማግሌዎቹ "አንተ ጠንከር በል፣ እሷን አጽናናት" ሲሉት "እሺ" ብሎ፣ እንባ ጠብ ሳይለው ድንኳን ውስጥ ወንበር ሲደረድር የዋለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ልብ ምን አያደርግም?

ቅዳሜ ከሰዓት ጫማዬን አውልቄ ሄድኩና ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ከማሽኑ ጩኸት ሥር የሰው ድምፅ አለ። ዛሬስ እጅ ከፍንጅ ያዝኩህ ብዬ በሩን ልደበድብ እጄን ሳነሳ መብራት ጠፋ።

ማሽኑ ቀጥ አለ። የባሌ ልቅሶ ግን ወዲያው አልቆመም።