የኩርፊያው ጭፈራ

ሁለቱ አባቶች ጀርባ ተሰጣጥተው ወለሉን በእግራቸው ሲደልቁት አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የሙሽሪት አባት ኖሰን ክራምኒክ ክንዱን አጣጥፎ ከንፈሩን አሞጠሞጠ። የሙሽራው አባት ሊለማመጠው ዞር ባለ ቁጥር ትከሻውን ነቅንቆ ገሸሽ ይለዋል። የኩርፊያ ጭፈራ እንዲህ ነው፤ አባቶች የውሸት ይጣላሉ፣ ዜማው ሲዞር ተቃቅፈው ይታረቃሉ፣ ከዚያ ሾርባው ይቀርባል።

ዜማውን የሚያዞረው ክላሪኔት ነፊው ሊፓ ነበር። አላዞረውም።

«አሁን እኮ ነው!» አለው ከበሮ መቺው ዙስማን በሹክሹክታ።

ሊፓ የኩርፊያውን ዜማ እንደገና ከሥሩ ጀመረው።

በተሰደዱበት ከተማ፣ ዴላንሲ ጎዳና ላይ ካሉት የሰርግ አዳራሾች ያልነፋበት አልነበረም። የዚህን ሰርግ ደጋሽ ስም ከዙስማን አፍ ከሰማ ወዲህ ግን ይህን አንድ ዜማ ብቻ ሲለማመድ ነው የሰነበተው። ክራምኒክ ዛሬ ጢሙን ተላጭቶ፣ ሆዱ ገፍቶ፣ የካፖርት ፋብሪካ ጌታ ሆኗል። በአገር ቤት ባለ ወፍጮ ነበር። መጥረቢያ የያዙ ሰዎች አይሁድ ሊፈጁ ወደ እነ ሊፓ ሰፈር የገቡ ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ ምድር ቤቱ ውስጥ ሸሸገና በሩን ቀረቀረ። የሊፓ እህት ጺርል ዘግይታ ደረሰች። «እኔ ነኝ፣ ክፈቱልኝ!» እያለች ስታንኳኳ ክራምኒክ መቀርቀሪያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። የተሸሸጉት ሰዎች ሊፓን አፉን አፍነው መሬት ላይ ተጫኑት። ከዚያ ማንኳኳቱ ቆመ።

«አንተ ነፊ!» ክራምኒክ ከመሐል አዳራሹ ጮኸ። «አስታርቀን እንጂ! ሙሽራው እስኪሸብት ልታጣላን ነው?»

ሰው ሳቀ፤ ግን እንደ ቅድሙ አይደለም። ቫዮሊኑ ዝም አለ። ከበሮውም ተከተለው። ክላሪኔቱ ብቻውን ኩርፊያውን ሲያላዝን፣ ክራምኒክ ላቡን እየጠረገ ወደ መድረኩ ቀረበ።

«ወዳጄ፣ ጠጥተሃል እንዴ?»

«የጺርል ወንድም ነኝ።»

የክራምኒክ ፈገግታ ከፊቱ አልጠፋም፤ ዓይኑ ብቻ ደነገጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሊፓ... ብከፍተው ኖሮ ሁላችንም አልቀን ነበር። አንተም ዛሬ እዚህ ቆመህ አትነፋም።»

«አውቃለሁ።» የሚያንገበግበውም ይኸው ነበር፤ ያተረፈው ያው የሚጠላው እጅ ነው። «ስለ በሩ አይደለም የምጠይቅህ። እናቴ በማግስቱ ከገበያ ስትመለስ ‹ወደ ጫካ ስትሮጥ አይቻታለሁ፣ ትመጣለች› አልካት። እኛን ሁሉ እንዳንናገር አስማልክ። እናቴ መንገድ መንገዱን እያየች ሞተች። ልጇን አላለቀሰቻትም፣ ሐዘን አልተቀመጠችላትም።»

«ምን ላድርግልህ? ለልጄ ስትል...»

«ያደረግኸውን ለሰው ሁሉ ንገር። ስሟን ጥራ። ያን ጊዜ አስታርቃችኋለሁ።»

«በሰርጓ ቀን?!»

«በሰርጓ ቀን።» ሊፓ ክላሪኔቱን አንስቶ የኩርፊያውን ዜማ ነፋው፤ ከቅድሙ አብልጦ፣ አምርሮ።

ጀርባውን ሰጥቶ የቀረው የሙሽራው አባት አሁን ዞረ። «ኖሰን፣ ሰውየው የሚለው ምንድን ነው?»

ሙሽሪት ቀሚሷን ሰብስባ በሰዉ መሐል መጣችና የአባቷን ክንድ ያዘች።

«አባዬ፣ ጺርል ማናት?»

ሊፓ ክላሪኔቱን ከከንፈሩ አወረደ። ክራምኒክ ዓይኑን ከልጁ አሸሸ።

የክራምኒክን ፊት እንዲህ ተጋልጦ የሚያይበትን ቀን ሊፓ ስንት ዘመን ሲመኝ ኖሯል። አሁን ግን ዓይኑ ፊቱ ላይ አላረፈም። ያየው የሙሽሪትን እጅ ነበር፤ የአባቷን ክንድ ጣት በጣት እየለቀቀ ሲወርድ።